የአራስ ቤቱ ግድግዳ

ውሃው ሲወጣ እኔ ገባሁ።

ዝናቡ የጣለው እኔ ሆስፒታል ምጥ ላይ ሳለሁ ነው። ጅቡቲ ዝናብ አታውቅም፤ ስታውቅ ደግሞ ልኩን አታውቅም። ዓመቱን ሙሉ ደመና ስንመኝ ከርመን፣ አንድ ቀን ሰማዩ የያዘውን ሁሉ ይዘረግፍና ሰፈራችን ካርቲየ 4 ባሕር ይሆናል። የእኛ ቤት ከመንገዱ ዝቅ ያለ ግቢ ውስጥ ያለች ሁለት ክፍል ናት። ጎርፉ የቦዩን ቆሻሻና የጎረቤቱን ነጠላ ጫማ ሁሉ እየነዳ እስከ ጉልበት ገባባት። ባለቤቴ ቀን እኔ ዘንድ እየዋለ በተረፈው ሰዓት ውሃ ሲቀዳ ሰነበተ። በባልዲ ቀዳ፣ በጎማ መጥረጊያ ገፋ፣ ወለሉን በበረኪና አጠበ። ልጃችንን ታቅፌ ስመለስ ሴራሚኩ ያብረቀርቅ ነበር።

"ደርቋል፤ ግቢ" አለኝ በኩራት።

እውነቱን ነው፣ ወለሉ ደርቆ ነበር። ግድግዳው ግን ያን ሁሉ ቀን ውሃ ውስጥ ቆሞ ምን ሲያደርግ እንደከረመ እሱም እኔም አላሰብነውም። ግድግዳ ይጠጣል ብሎ ማን ያስባል?

እኔ ፀጉር ሠሪ ነኝ። ቆሜ መዋል የለመድኩ፣ ከደንበኞቼ አፍ የለቀምኩትን ሶማሊኛና አረብኛ ከተሰባበረ ፈረንሳይኛ ጋር እየቀላቀልኩ ስለፈልፍ የምውል ሴት ነኝ። መቀመጥ አልችልበትም። እናቴ ይህን ጠንቅቃ ታውቃለች፤ ስለዚህ ከደብረ ብርሃን ድረስ የመጣችው ልታርሰኝ ብቻ ሳይሆን ልትጠብቀኝም ነው። ከባቡር ጣቢያ ባለቤቴ ይዟት ሲገባ ሻንጣዋ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። የገንፎ ዱቄት፣ አብሽ፣ ለምች የሚሆን ዳማከሴ፣ ከዚያም ሁለት ወፍራም ጋቢ አወጣች። ለጅቡቲ ሁለት ጋቢ! ሳቄ አመለጠኝ።

"ሳቂ፤ ጥርስሽ ነው" አለችኝ።

ከሁሉም በኋላ ከሻንጣው ታች አንድ ትንሽ ነጭ ቀሚስ አወጣች። በእጅ የተፈተለ፣ ጠርዙ ላይ ቀጭን ጥለት ያለበት የክርስትና ልብስ ነው። ታላቅ እህቴ ክርስትና የተነሳችበት ነው፤ እኔም ተነስቼበታለሁ። እናቴ ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተችው፣ በላስቲክ ጠቀለለችው፣ ከዚያ እንዳይጨማደድ ብላ ፍራሼ ሥር በግድግዳው በኩል ዘርግታ አስተኛችው። ለልጄ ቀን የተቆረጠለት ልብስ ነው። ሴት ናትና ክርስትናዋ በሰማንያ ቀን ነው፤ እስከዚያ ድረስ እኔም ከዚያ ክፍል ንቅንቅ አልልም ማለት ነው።

ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ነበር መስኮቶቹን የዘጋችው። አንዱ ወደ ግቢው ይከፈታል፤ ሌላው ትንሹ ከፍ ብሎ ወደ ኋላው ጠባብ መንገድ ነው። ሁለቱንም ዘግታ ስንጥቃቸውን በጨርቅ ወተፈች። አንዱን ጋቢ በሩ ላይ ጋረደች። ባለቤቴን አዝዛ አልጋዬን ጥግ አስያዘች፣ ራስጌውም ጎኑም ግድግዳ እንዲነካ፤ አራስ ጥግ ነው የምትተኛው። ትራሴ ሥር ቢላዋ አስቀመጠች። ቢላዋው ለሰይጣን ነው።

"እማዬ፣ ይሄ ጅቡቲ ነው። እዚህ ብርድ የለም።"

"ነፋስ አገር አይመርጥም።"

"ታፈንኩ እኮ!"

"ከታፈነ ሰው ነፋስ የገባው ነው የሚሞተው።"

እዚህ ላይ ሁልጊዜ ዝም እላለሁ። ለምን ዝም እንደምል ልናገር።

እህቴ የሞተችው አራስ ሆና ነው። እኔ ገና ፊደል የምቆጥር ልጅ ነበርኩ። ክረምት ነበር፣ ደብረ ብርሃን በክረምት ምን እንደምትመስል ያየ ያውቃታል፤ ልብስ አይደርቅም፣ እንጨት አይነድም፣ የጭቃ ግድግዳው ከውጭ ዝናቡን እየጠጣ ከውስጥ ያልበዋል። እናቴ ያን ጊዜም ስንጥቁን ሁሉ ወትፋ፣ በሩን ጋርዳ ነበር ልጇን የምታርሰው። አንድ ቀን እንጨት ልታመጣ ስትወጣ በሩን ገርበብ አድርጋ ትታው ሄደች። በዚያው ሳምንት እህቴ ትኩሳት ያዛት፣ ማሳል ጀመረች፣ ከዚያ ምኑም ሳይታወቅ ሄደች። ልጁም ብዙ አልቆየ። ለለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ "ነፋስ ገብቷት ነው" አለ። አንዷ አክስቴ ደግሞ ድንኳን ሙሉ ሰው እየሰማ "በሩን ማን ነው የከፈተው?" ብላ ጠየቀች።  እናቴ ከዚያን ቀን ጀምሮ የትም ቤት ብትገባ መጀመሪያ የምታየው በርና መስኮቱን ነው።

ይህን እያወቅኩ ምን ብዬ ልከራከራት? ብከራከርስ፤ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው።

ግድግዳው ላይ መጀመሪያ ያየሁት የሻይ እድፍ የመሰለ መስመር ነው። ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብሎ ክፍሉን ዞሮታል። ቀጥሎ ቀለሙ እያበጠ መላጥ ጀመረ፤ ከተላጠው ሥር ጨው የመሰለ ነጭ ዱቄት ይረግፋል። ከዚያ ከእግርጌዬ በኩል ጥቁር ነጥቦች ወጡ። ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ። ሌላ የማየው ነገር ስለሌለኝ እሱኑ አያለሁ። ቴሌቪዥኑ በጎርፉ ተበላሽቷል፤ የእኔ ድራማ ግድግዳው ሆነ። ነጥቦቹ ተገናኝተው ክብ ሲሠሩ፣ ክቡ ሲሰፋ፣ ማለዳ ዓይኔን ስገልጥ የትላንቱን አልፎ ሲጠብቀኝ እየተከታተልኩ እተኛለሁ። ሽታው ደግሞ የረጠበ ጆንያ ሽታ ነው፤ ጠላሁት፣ በኋላ ለመድኩት፣ መልመዴን ደግሞ ይበልጥ ጠላሁት።

ለባለቤቴ አሳየሁት። የከባድ መኪና መካኒክ ነው፤ ለሁሉ ነገር ጋራዡ ውስጥ መድኃኒት አለው። በማግስቱ ከመኪና ቀለም የተረፈ ሰማያዊ ይዞ መጣና ግድግዳውን እስከ ወገብ ቀባው። እናቴና እኔ ልጅቷን ይዘን ሳሎን ቁጭ ብለን ሽታው እስኪለቅ ጠበቅን።

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" አልኩት።

"ዝገትን እንዲህ ነው የምናስተኛው" አለኝ።

ለጥቂት ቀን አማረ። እኔም አመንኩት፣ ምን ላድርግ። ከዚያ ሰማያዊው ራሱ እሳት እንዳቃጠለው ቆዳ ውሃ ቋጠረ። ግድግዳው የጠጣውን የሚተፋበት አፉን ነበር የዘጋንበት። ባለቤቴ ያበጠውን በጣቱ ነካ ሲያደርገው ፈነዳና ውሃው በክንዱ ላይ ወረደ። ክንዱን በሱሪው ጠርጎ ወደ ሥራው ሄደ።

እኛ ደግሞ ውስጥ ሆነን ውሃ እንጨምርለታለን። ገንፎው እዚያው ክፍል ውስጥ በትንሿ ጋዝ ይገነፋል፤ ምክንያቱም አራስ ብቻዋን አትተውም። የገላዬ መታጠቢያ እዚያው ይፈላል። የልጅቷ ጨርቅ ደግሞ ውጭ አይሰጣም። "ወፍ ካለፈበት ልጅቷን የወፍ በሽታ ይይዛታል" ትላለች እናቴ፤ የጅቡቲ ቁራ ደግሞ ከሰው ይበዛል። ስለዚህ ከአልጋዬ በላይ ከግድግዳ ግድግዳ ገመድ ተወጠረ፣ እርጥብ ጨርቅ ቀን ከሌት ከራሴ በላይ ይንጠለጠላል። ማለዳ ማለዳ ጣሪያው ላቡን ያንጠባጥብብኛል።

ከግቢው ማዶ የምትኖር ሶማሌ ጎረቤት አለችን። ድሬዳዋ ስላደገች አማርኛዋ ከእኔ ይፈጥናል። ውሃው የእሷም ቤት ገብቶ ነበር። እሷ ግን ፍራሹን ሰገነት ላይ አውጥታ፣ የታችኛውን ልስን አስፍቃ፣ በርና መስኮቷን በርግዳ ቤቷን ጦርነት ያለፈበት አስመስላው ነበር። አንድ ቀን ልትጠይቀኝ ሥጋ ይዛ መጣች። ጋቢውን ገልጣ እንደገባች ቆመች፣ አፍንጫዋን ነካች።

"አባዮ" አለችኝ፤ እህቴ ማለቷ ነው፣ "ይሄ ቤት ታፍኗል። እኛም ከወለድን አርባ ቀን እንቀመጣለን። ግን እንተነፍሳለን።"

እናቴ ፈገግ ብላ ሥጋውን ተቀበለቻት። ሴትየዋ ስትወጣ ጋቢውን መልሳ እያስተካከለች "የሰው ቤት የምታሸት ሴት ምን ዓይነት ናት?" አለች። ቀኑን ሙሉ ተቀየመቻት፤ ሥጋውን ግን ጥሩ አድርጋ ጠበሰችልኝ።

ልጄ ማሳል የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ አፍንጫዋ ተዘጋ። ከዚያ ደረቷ ውስጥ ማንቆርቆሪያ የተጣደ ይመስል ይንተከተክ ጀመር። ጡት ይዛ ሁለቴ ሳብ አድርጋ ትለቃለች፣ አየር ፍለጋ አፏን ትከፍታለች፣ ታለቅሳለች። ደረቷ ላይ ጆሮዬን አድርጌ ስሰማ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ያን ሽታ ከእኔ ጋር እየሳበች ነው፤ እኔ ትልቅ ሰው ነኝ፣ የእሷ ደረት ግን ከእጄ መዳፍ አይበልጥም።

"ብርድ ነው" አለች እናቴ። "አላልኳችሁም?" ሁለተኛውን ጋቢ መስኮቱ ላይ ሰቀለችው።

ጤና ጣቢያ ወሰድናት። እናቴ ልጅቷ እንዳትወጣ ብዙ ተሟገተች፤ ባለቤቴ ለመጀመሪያ ጊዜ "እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" ብሎ ልጅቷን አቀፈ። እናቴ ከኋላ ነጠላዋን እየዘረጋች ከነፋስ እየከለለቻት ተከተለችን። ወረፋ የጠበቅንበት ኮሪደር በግራም በቀኝም ክፍት ነው፣ ነፋሱ ወረቀት ያበራል። ልጄ እዚያ ተኛች። አፏን ዘግታ፣ ያለ ድምፅ ተኛች። ሐኪሟ ሽሮፕ ጻፈችልን፤ ከዚያ ቀና ብላ በፈረንሳይኛ ቤታችን እርጥበት አለው ወይ ብላ ጠየቀች። ለእናቴ ተረጎምኩላት።

"ይኸው ሕፃን ሜዳ ላይ አውጥታችሁ፣ እርጥበት የት አለ ትላለች" አለች እናቴ።

"ግን ተኝታለች እኮ፣ እማዬ። እያት።"

"መድኃኒቱ ነው።"

መድኃኒቱን ገና አልገዛነውም ነበር። ቤት እንደገባን ማንቆርቆሪያው እንደገና ተጣደ።

ከዚያ በኋላ የነበረውን ጊዜ ማስታወስ አልወድም። እናቴ ሽንት ቤት ስትሄድ ተነስቼ መስኮት እከፍታለሁ፤ ተመልሳ ትዘጋለች። እከፍታለሁ፣ ትዘጋለች። በመጨረሻ የመስኮቱን መቀርቀሪያ በሲባጎ አሰረችው፤ ግቢ ወጣ ስትል ደግሞ የሳሎኑን በር ከውጭ ቆልፋ ቁልፉን መቀነቷ ላይ ትቋጥር ጀመር። "እማዬ እስር ቤት ነው እንዴ?" ብዬ ጮህኩባት። ወልጄ ያለሁ ሴት ነኝ፣ የራሴ ቤት ነው፣ ኪራዩን የምንከፍለው እኛ ነን፣ እናቴ ቆልፋብኛለች! እሷ ደግሞ አልተቆጣችም። ገንፎውን እያማሰለች "ጥዬሽ ወጥቼ ሬሳ ይዤ አልመለስም" አለች፣ ቀስ ብላ። እንዲህ ስትለኝ ቁጣዬ የት እንደሚገባ ይጠፋኛል። ሁለት እናቶች አንድ ክፍል ተዘግቶብን፣ ሁለታችንም ልጃችንን እናትርፍ እያልን ነበር የምንታነቀው።

አንድ ቀን ቀትር ላይ እናቴ ጨርቅ ልታጥብ ግቢ ወጣች። ቁልፉ ሲዞር ሰማሁ። ልጄ ጎኔ ተኝታ ትንተከተካለች። የሚታየውን ግድግዳ አውቀዋለሁ፤ ከአልጋው ጀርባ ያለውን ግን ከወለድኩ ጀምሮ አይቼው አላውቅም። ልጅቷ በዚያ በኩል ነው ፊቷን አዙራ የምትተኛው። ድንገት ይህ ነገር ትዝ አለኝ። ልጄን አንስቼ ሳሎን ምንጣፍ ላይ አስተኛኋት፣ ተመልሼ አልጋውን ያዝኩ። ስፌቴ ገና አልደረቀም፣ ከባድ ነገር እንዳታነሺ ተብያለሁ። ያዝኩና ጎተትኩት፣ የብረት እግሩ ሴራሚኩ ላይ ጮኸ።

ግድግዳው ከወለሉ እስከ ትራሴ ድረስ ጥቁር ነው። ነጥብ አይደለም፤ ጠጉር ያበቀለ ጥቁር። አልጋው የነካው ቦታ ሁሉ የአልጋውን ቅርፅ ይዟል። ፍራሹን ገለበጥኩት፣ ሆዱ እንደዚያው ነው። ይህን ነው ልጄን ያስታቀፍኳት ብዬ ጮክ ብዬ ለማንም ሳይሆን ተናገርኩ። ከዚያ ላስቲኩን አየሁት። ረስቼው ነበር። ላስቲኩ ከውስጥ አልቦታል፤ ስፈታው ነጩ የክርስትና ቀሚስ እርጥብ ነው፣ ከደረቱ ላይ ጀምሮ ጥቁር ሽፍታ ወርዶበታል።

እናቴ ጩኸቱን ሰምታ እየሮጠች ገባች። ባዶ እግሬን ቆሜ፣ ፍራሹ ተገልብጦ፣ አልጋው መሃል ክፍል ወጥቶ ስታይ አፏን ለመቆጣት ከፈተች። ከዚያ እጄ ላይ ያለውን አየች።

ወሰደችው። እንደ ልማዷ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው።

ቶሎ አልመለሰችውም። ደጋግማ አሸተተችው። ከዚያ ቀስ ብላ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ የታጠበ ጨርቅ ትከሻዋ ላይ እንዳለ፣ ውሃው በጀርባዋ እየወረደ።

"የእህትሽ ክፍል እንዲህ ነበር የሚሸተው" አለች።

  ሳሎን ልጄ ሳለች። እናቴ ቀና ብላ ድምፁ ወደመጣበት አየች፤ ከዚያ በአንድ እጇ ወለሉን ተደግፋ ተነሳች። ሲባጎውን ለመፍታት ሞከረች፣ ቋጠሮው ጠበቀባት፣ ተወችው። ትራሴ ሥር ገብታ ቢላዋውን አወጣችና ሲባጎውን ቆረጠችው። ጋቢውን ገፈፈች። ከስንጥቁ ጨርቁን አንድ በአንድ መዘዘች። ትልቁን መስኮት ከፈተች፤ ወንበር ላይ ቆማ ትንሹንም ከፈተች። የከሰዓቱ ነፋስ በአንዱ ገብቶ በሌላው ሲወጣ ገመዱ ላይ ያለው ጨርቅ ሁሉ ተንሳፈፈ። ያን ሁሉ ጊዜ አየር የተጠማሁ ሰው፣ ሲመጣ አለቀስኩ።

እናቴ ግን መስኮቱ ፊት ለፊት ቆማ ቀረች። ጀርባዋን ለነፋሱ ሰጥታ፣ ነጠላዋን በሁለት እጇ ግራና ቀኝ ዘርግታ። ከፍታዋለች፤ ግን ከእኔ በፊት እሷን እንዲያገኛት።

"እማዬ፣ ነይ በቃ።"

"ቀስ ብሎ ይግባ" አለች።

የቀረው ሥራ ነው፤ ሥራ ደግሞ ደስ ይለኛል። ልጅቷንና እኔን ጎረቤታችን ወሰደችን፤ እናቴ ራሷ ሄዳ "ልጄን ታስጠጊልኛለሽ?" ብላ ጠይቃት። ሴትየዋ ስለ ቀድሞው አንድ ቃል አላነሳችም፤ ቬንቲሌተሯን ጭምር አበደረችን። ባለቤቴ ከጋራዥ መጥቶ የጉዱን ልክ ሲያይ ፍራሹን ተሸክሞ አውጥቶ ጣለው፤ ያንን ለማጠብ መሞከር ከንቱ ነበር። እናቴ እስክንነግራት አልጠበቀችም፣ ያበጠውን ሰማያዊ ቀለም በቢላዋው መላጥ ጀምራ ነበር። ባለቤቴ በመሮ ቀጠለው። ቀለሙም የተበላው ልስንም እስከ ድንጋዩ ወረደ። ሻጋታውን ደረቁን ጠርገው እንዳያበኑት መጀመሪያ በሳሙና ውሃ አረጠቡት፣ ፈትገው አጠቡት፣ ከዚያ መስኮቱና በሩ ወለል ብሎ እንደተከፈተ በረኪና ቀቡት። እናቴ አፍና አፍንጫዋን በነጠላ ጠቅልላ እንደ ሽፍታ ሆና ነበር።

ከዚያ መጠበቅ ነው። እርጥብ ግድግዳ አይቸኩልም። ቀን ፀሐይ ሲወጣ መስኮቱ ይከፈታል፣ ሲመሽ የባሕሩ እርጥበት ሳይወርድ ይዘጋል፣ ቬንቲሌተሩ መብራት እስኪጠፋ ድረስ ግድግዳው ላይ ይነፋል። ገንፎው ግቢ ውስጥ ይገነፋል። የተመለሰው ዕቃ ሁሉ ከግድግዳው ክንድ ያህል ራቀ፤ አራስ ጥግ ትተኛለች የሚለው ቀረ። የልጅቷ ጨርቅ ወደ ውጭ ወጣ፤ እናቴ ግን የወፉን ነገር አልለቀቀችም። ጨርቁ እስኪደርቅ ከገመዱ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጣ በረጅም ዱላ ቁራ ታባርራለች። የግቢው ልጆች ቲያትር ብለው ተሰበሰቡባት። ቁራዎቹም ነገሩ ገብቷቸው ጣሪያ ላይ ተደርድረው ይመለከቷት ነበር።

ማለዳ ማለዳ ገብታ መዳፏን ግድግዳው ላይ ታደርጋለች፤ ከዚያ ጉንጯን ትለጥፍበታለች። "ገና ነው" ብላ ትወጣለች። የልጄ ደረት ከግድግዳው ቀደመ። ጎረቤታችን ቤት በተኛን በጥቂት ቀን ውስጥ ማንቆርቆሪያው እየበረደ ሄደ፤ አንድ ጠዋት ጆሮዬን ደረቷ ላይ ባደርግ የሚሰማ ነገር አጣሁ። እናቴን ጠርቼ አሰማኋት። ረጅም ጊዜ አጎንብሳ ሰማች። "የለም" አለች፣ ፊቷን ግን አላዞረችልኝም።

ቀሚሱን ደጋግማ አጠበችው፣ በፀሐይ አዋለችው። ሽታው ለቀቀ፣ ሽፍታው ግን ግራጫ ሆኖ ቀረ። አዲስ እንግዛ ስላት አልተቃወመችኝም፣ ያ ራሱ ከእሷ አይጠበቅም። ልጄ በአዲስ ልብስ ክርስትና ተነሳች፤ አሮጌው ታጥፎ ወደ ሻንጣው ተመለሰ።

እናቴ ልትሳፈር አንድ ቀን ሲቀራት፣ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ልጄን አስተኝቼ ስገባ አዲሱ ፍራሽ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። መዳፏ ገና ልስን ያልተመለሰለት ድንጋይ ላይ ነው።

"ደርቋል" አለች።

"ደርቋል፣ እማዬ። እድሜ ላንቺ።"

እጇን አላነሳችም።

"እኔ እኮ ይሄን ሁሉ ዓመት በሩን ከፍቼ ስለሄድኩ ነው የምለው" አለች። "እንጨቱን ሌላ ሰው ልኬ ባስመጣ ኖሮ እያልኩ። ለካ ንጹሕ አየር የተነፈሰችው ያን ዕለት ብቻ ነው? የሰጠቻትም ያቺ የረሳኋት በር ናት?"

ደነገጥኩ። "እማዬ፣ እንዲህ አትበይ። ትኩሳት ነው የገደላት፣ ከወሊዱ የመጣ ይሆናል። ነፋስም አይደለም፣ ግድግዳም አይደለም።"

"አንቺ ምን ታውቂያለሽ" አለችኝ ያለ ቁጣ፤ "ልጅ ነበርሽ።"

እውነቷን ነው። እኔ ምን አውቃለሁ? ሐኪም አላያት፣ የሚያውቅ ሰው የለም፣ ከእንግዲህም አይኖርም። ከዚያ ክፍል እኔ ወጥቻለሁ፣ ልጄም ወጥታለች። እናቴን የማወጣበት መንገድ ግን አላገኘሁም፤ የምላት ሁሉ እዚያው ደብረ ብርሃን፣ ያቺ ልቡ የረጠበ ጭቃ ቤት ውስጥ ይመልሳታል። አጠገቧ ተቀመጥኩና እጇን ከግድግዳው ላይ አንስቼ ያዝኩት። ቀዝቃዛ ነበር።

ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ነፋሱ በረታ። የባሕሩ እርጥበት የሚወርድበት ሰዓት ነውና ልዘጋው ተነሳሁ።

"ተዪው" አለችኝ። "ትንሽ ክፍት ይቆይ።"

ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ጭኗ ላይ አጠፈችና ነፋሱ ላይ ተቀመጠች።